ልጁ ከኮሌጅ በዝምታ እንዳይጠፋ

እዚህ አሜሪካ ወንድ ልጅ ኮሚኒቲ ኮሌጅን፣ የሁለት ዓመቱን የሕዝብ ኮሌጅ፣ «በቃኝ፣ አቋርጫለሁ» ብሎ ሲተው ብዙ አላየሁም። ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው። መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀራል። ቀጥሎ ሳምንት ይቀራል። ፕሮፌሰሩ ኢሜይል ሲልክለት ለመክፈት ያፍራል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በየኮርሱ ኤፍ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ቤተሰብ የሚሰማው ከወራት በኋላ ነው። ጭራሽ የማይሰማም አለ።

እኔ በሜሪላንድ በአንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ አስጠናለሁ። ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጡት ብዙዎቹ ጥቁርና ላቲኖ ወንዶች ናቸው። ከነሱ መካከል የእኛ ልጆች አሉ፤ እዚህ የተወለዱም፣ በዲቪ ገና የመጡም። ሁለት ወንዶች ልጆችም አሳድጌያለሁ። ይህን የምጽፈው ለእናትና ለአባት፣ ለታላቅ ወንድም፣ ለአክስትና ለአጎት ነው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ወጣቶችን ለምትመክሩም ይጠቅማችኋል።

ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ጭንቅላት አንሷቸው አይደለም የሚወጡት። መኪና ይበላሽባቸዋል። ያልተከፈለ ሦስት መቶ ዶላር ይገኝባቸዋል። ሚድተርም ይወድቃሉ። ከዚያ «ሆዴ ይፍጀው» ይላሉ። የእናንተ ትልቁ ሥራ ችግሩ ገና ትንሽ ሳለ እንዲናገር ማድረግ፣ ከዚያም ችግሩ ወደሚፈታበት ቢሮ አብሮት መሄድ ነው። «ሂድና ጠይቅ» አይበቃም።

ጥያቄያችሁን ቀይሩ

«ትምህርት እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «አሪፍ ነው» ነው። በዚህ ጥያቄ ምንም አታወጡም። በመጀመሪያው ሳምንት ሲለበሱን ያሳያችሁ። ሲለበስ ማለት ፕሮፌሰሩ ፈተና መቼ እንደሆነ፣ ነጥብ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቢሮው መቼ ክፍት እንደሆነ የጻፈበት ወረቀት ነው። የፈተናዎቹን ቀን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ከዚያ ጥያቄያችሁ ቀላል ይሆናል። «የሐሙሱ ፈተና ስንት መጣ? ከጎንህ ማን ነው የሚቀመጠው? ስልኩን ይዘሃል?» ክፍሉ ውስጥ የአንድም ሰው ስልክ የሌለው ልጅ ያሳስበኛል። አንድ ቀን ቢቀር ምን እንደተማሩ የሚነግረው የለም፤ ሁለተኛውን ቀን ለመቅረት ደግሞ ይቀለዋል።

ብዙ ወላጅ ኮሌጁ ደውሎ የሚነግረው ይመስለዋል። አይደውልም። ፈርፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ የትምህርት መዝገቡ የራሱ ነው። ውጤቱን ለእናንተ እንዲነግሩ ከፈለጋችሁ ልጁ የፈቃድ ፎርም ቢፈርም ጥሩ ነው። ግን በግድ አይሁን። ተገድዶ የፈረመ ልጅ ሌላ መደበቂያ ያገኛል። «ውጤትህን ልሰልል አይደለም፤ ችግር ሲመጣ ሁለታችን እንድንነጋገርበት ነው» በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

አንድ ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉ። «የአክስትህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አንተ ኮሚኒቲ ኮሌጅ» አትበሉት። እንዲህ የሚባል ልጅ ሲወድቅ ለማን ብሎ ይናገራል? ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ተነስቶ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት በዚህ አገር የታወቀ መንገድ ነው። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው። ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ ኤሴስ የሚባለው ፕሮግራም ልጁን ከሃይስኩል ይዞ በሞንጎመሪ ኮሌጅ በኩል ወደ አራት ዓመት ዲግሪ ይወስደዋል። ሁለቱም የተሠሩት ልጆች በሽግግሩ መሐል እንዳይጠፉ ነው።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ፋፍሳ፣ የፌዴራሉ የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ፣ በየዓመቱ ይሞላል። «አምና ሞልቻለሁ» አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ያን ሰሞን ሙሉት፤ የክልሉ (የስቴቱ) ገንዘብ ቶሎ ያልቃል። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ትልቁ ፔል ግራንት፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል እርዳታ፣ 7,395 ዶላር ነበር። ይህ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ሙሉውን ለሚያገኝ ልጅ በካውንቲው ዋጋ ሲማር ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ሜሪላንድ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ፕሮሚስ የሚባል ስኮላርሺፕ አላት፤ እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። ቨርጂኒያ ደግሞ ጂ ስሪ የሚባል አላት። እሱ እንደ ጤና፣ አይቲና የእጅ ሙያ ላሉ ብዙ ሠራተኛ ለሚፈለግባቸው ዘርፎች ነው።

የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ ይኸውላችሁ። ልጁ 20 ዓመቱ ነው እንበል። በዲቪ ብቻውን መጥቶ አጎቱ ቤት ይኖራል። አጎቱ ደግ ሰው ነውና የራሱን የታክስ ወረቀት አምጥቶ ፋፍሳው ላይ ያስገባል። ይህ ስህተት ነው። አጎት በሕግ በጉዲፈቻ ካልወሰደው በስተቀር እንደ ወላጅ አይቆጠርም። ልጁ ከ24 ዓመት በታች ከሆነና ካላገባ፣ ሌላም ልዩ ምክንያት ከሌለው፣ ፎርሙ የሚጠይቀው የእናትና የአባቱን መረጃ ነው። እናቱ አዲስ አበባ ብትሆንም እንኳ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅ በፌዴራሉ የተማሪ እርዳታ ድረ ገጽ ላይ የራሱን አካውንት መክፈት ይችላል። በቪዲዮ ጥሪ እያገዛችኋት ትክፈት። ልጁ ስደተኛ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ከሆነና ከወላጆቹ ተለያይቶ ማግኘት ካልቻለ ግን ያለ እነሱ የሚሞላበት መንገድ አለ። የኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ (ፋይናንሻል ኤይድ) ቢሮ ሄዶ ጉዳዩን ያስረዳ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ናቸው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ልጅ ግን የፌዴራሉን አያገኝም። እሱ የክልሉን እርዳታና የኮሌጁን ፋውንዴሽን ስኮላርሺፖች ይጠይቅ።

ሌላው ወጥመድ ቬሪፊኬሽን ይባላል። ፋፍሳው ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ኮሌጁ «እነዚህን ወረቀቶች አምጣ» ይላል። መልእክቱ የሚመጣው በኮሌጁ ኢሜይል ነው። ልጁ ደግሞ የሚያየው ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ነው። ወረቀቱ ሳይሄድ ይቀራል። ገንዘቡ አይለቀቅም። የክፍያው ቀን ሲያልፍ ኮርሶቹ ይሰረዛሉ። ልጁም «ከኮሌጅ አባረሩኝ» ብሎ ቤት ይቀመጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የኮሌጁን ኢሜይል አብራችሁ ክፈቱ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊት ታክስን ነው። አባት ዘንድሮ ከሥራ ከወጣ ወይም ከታመመ ያ ታክስ የዛሬውን ኑሮ አያሳይም። ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማስረጃ ይዛችሁ «ገቢያችን ተቀይሯል፣ እንደገና ይታይልን» በሉ። ሕጉ ይፈቅድላቸዋል፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም ጠርቶ አይነግራችሁም።

የክፍያውን ዋጋ የሚወስነው አድራሻ ነው። ቨርጂኒያ የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት አንድ ዓመት መኖርን ትጠይቃለች። በሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ጊዜው ያጠረ ነው። ልጁ እንደመጣ መታወቂያ ያውጣ፣ ስሙ ያለበት ደብዳቤም ይያዝ። በኋላ ማስረጃ ሆነው ያገለግሉታል።

ሥራና ሰዓት

አሶሴት ዲግሪ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ ዲግሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት ነው። «ፉል ታይም» የሚባለው 12 ክሬዲት ነው። በሴሚስተር 12 እየወሰደ አራት ሴሚስተር የተማረ ልጅ 48 ይዞ ይቀራል። በሁለት ዓመት ለመጨረስ 15 መውሰድ ወይም በሰመር እረፍቱም መማር አለበት። ይህን ሒሳብ ማንም ቁጭ አድርጎ ስላልነገራቸው «ሁለት ዓመት ተማርኩ፣ ለምን አልጨረስኩም?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ተስፋ የሚያስቆርጣቸውም ይኸው ነው።

ግን ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራን ልጅ 15 ክሬዲት ውሰድ ማለት ልጁን መግደል ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ይውሰድ። በደንብ ይለፋቸው። ሴሚስተር ግን አይዝለል። አንድ ሴሚስተር «ገንዘብ ላጠራቅም» ብሎ የወጣ ልጅ መኪና ይገዛል። ከዚያ የመኪናው ክፍያ ይመጣል። ሥራው ይጨምራል። ትምህርቱም እንደዋዛ ይቀራል። ሳይወጣ ያለውን መቀነስ ይሻላል።

ቤተሰብ እዚህ ላይ የሚችለው ነገር አለ። ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ የመጀመሪያውን ዓመት በታላላቆቹ ትከሻ ላይ ይሁን። ረንት ካስከፈላችሁት የፈተናውን ሰሞን ማሩት። የፈተና ሳምንት ሺፍቱን የሚቀይርለት ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልጉለት። መጓጓዣውንም አስቡበት። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዳሽ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው። በሞንጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦንም በ2025 ነፃ ሆኗል። መኪናው ሲበላሽ ልጁ ክፍል የሚደርስበትን የአውቶቡስ ቁጥር አስቀድሞ ይወቅ።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ከመሰላችሁ የኒው ዮርክን ነገር ልንገራችሁ። የከተማው ዩኒቨርሲቲ በ2007 አሳፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ለተማሪዎቹ ነፃ የሜትሮ ካርድ ሰጠ። በመጽሐፍ ረዳቸው። ቶሎ ቶሎ የሚያገኛቸው አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) መደበላቸው። ፉል ታይም እንዲማሩም ጠየቃቸው። ተመራማሪዎች ዕጣ አውጥተው ፕሮግራሙ ውስጥ የገቡትን ካልገቡት ጋር አነጻጸሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ የተመረቁት ካልገቡት 22 በመቶ ሲሆኑ ከገቡት 40 በመቶ ሆኑ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ድጋፍ ነው። ያንን ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም፤ የአውቶቡስ ካርድ፣ የመጽሐፍ ገንዘብና በየሳምንቱ የሚጠይቀው አንድ ሰው ግን ከአቅማችን በላይ አይደሉም።

እርዳታ መጠየቅ

ወደ ማስጠኛው ክፍል የሚገቡ ወንዶችን ከሩቅ ለይቼ አውቃቸዋለሁ። በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይመርጣሉ። ኮፍያቸው ወርዷል። አንዱ የፈተና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከቶ መጣ። ለመዘርጋት ጊዜ ፈጀበት። 42 ከ100። አብረን አንድ በአንድ አየነው። ልጁ አልጀብራውን ያውቃል። ችግሩ ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ሲመጣ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ምልክት ይቀይራል፣ ሁለተኛውን ይረሳል። ያቺ አንዲት ነገር ስድስት ጥያቄ ላይ ጥላዋለች። «ይሄ ብቻ ነው?» አለኝ። ይሄ ብቻ ነበር። እሱ ግን ሒሳብ የማይገባው ሰው መሆኑን ወስኖ፣ ኮርሱን ሊተው ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ያመጣውም ታላቅ እህቱ ናት። ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀው ነበር።

በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሉክ ዉድና ፍራንክ ሃሪስ የሚባሉ ምሁራን በኮሚኒቲ ኮሌጅ ያሉ ጥቁርና ላቲኖ ወንዶችን ለብዙ ጊዜ አጥንተዋል። ትኩረት ከሰጧቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ለብዙ ወንድ እርዳታ መጠየቅ መሸነፍ ይመስለዋል። በዚያ ላይ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚል ፊት ያየ ልጅ ደካማነቱን በሰው ፊት ማሳየት አይፈልግም። እኛ ቤት ደግሞ «ወንድ አይደለህ እንዴ» ጨምረንበታል። ስለዚህ እንዲጠይቅ ከምትለምኑት አብራችሁት ሂዱ። ማስጠኛውን፣ አድቫይዘሩን፣ ፋይናንሻል ኤይዱን ገና ሳይቸገር በመጀመሪያው ሳምንት ይጎብኛቸው። በሩን አንዴ የገባበት ቦታ ሁለተኛ ጊዜ አይከብደውም።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል መጻፍ የሚያስፈራው ልጅ ብዙ ነው። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ስሜ እገሌ ነው፣ የማክሰኞና ሐሙስ ክፍል ነኝ። በመጀመሪያው ፈተና ይህን ያህል አገኘሁ። ይህና ይህ አልገባኝም። በቢሮዎ ሰዓት ልመጣ እችላለሁ? ሰበብ መደርደር አያስፈልገውም። አብራችሁት ቁጭ በሉ፤ እሱ ይጻፈው።

ስለ ዘር ልጁ ሲናገር ስሙት። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ እዚህ መጥቶ ነው ድንገት «ጥቁር» የሚሆነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሁሉ ተለይቶ መታወቂያ የተጠየቀ ልጅ ነግሮኛል። ተናድዶ ሳይሆን አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረኝ። «እኛ ሐበሻ ነን፣ እኛን አይመለከትም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ በል» ማለት ልጁን ብቻውን መተው ነው። የሌሎቹ ጥቁርና ላቲኖ ልጆች ጓደኝነት ያግዘዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፑዌንቴና ኡሞጃ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ፑዌንቴ በ1981 ለላቲኖ ተማሪዎች ተብሎ ተጀመረ። ኡሞጃ ለጥቁር ተማሪዎች የቆመ ነው። በሁለቱም ልጆቹ አብረው በአንድ ቡድን ይማራሉ፣ የራሳቸው አማካሪም አላቸው። በሌሎች ክልሎችም ለወንድ ተማሪዎች የተቋቋመ የሜንተር ቡድን ያላቸው ኮሌጆች አሉ። ትሪዮ የሚባለው የፌዴራል ፕሮግራምም በብዙ ኮሌጅ ይገኛል። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ወይም ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ ለሆነ ልጅ አስጠኚና አማካሪ በነፃ ይሰጣል። በስማቸው ጠይቁ።

የምደባ ፈተና

ከአገር ቤት የመጣ ልጅ እንግሊዝኛው ወደኋላ ያስቀረዋል። ሒሳቡ ግን ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። የትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚለይበትን የሒሳብ ምደባ ፈተና ሳይዘጋጅ ገብቶ ዝቅተኛ ክፍል ከደረሰው፣ እንደገና መፈተን ይቻል እንደሆነ ይጠይቅ። ክሬዲት የማይቆጠርለት ኮርስ ላይ አንድ ዓመት ማባከን ፔሉንም ልቡንም ይጨርሳል። ፔል በሙሉ ጊዜ ሲቆጠር ዕድሜ ልኩን ለ12 ሴሚስተር ብቻ ነው የሚሰጠው። ብዙ ኮሌጅ አሁን ዲግሪ የሚያስቆጥረውን ኮርስ ከተጨማሪ ድጋፍ ጋር ባንድ ላይ ያስተምራል። ካለ እሱን ይምረጥ። ምሕንድስና ወይም ሳይንስ የማያጠና ከሆነም በአልጀብራ ፋንታ ስታቲስቲክስ ይበቃው እንደሆነ አድቫይዘሩን ይጠይቅ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ኮርሱ እየከበደ ሲሄድ ከሁሉ የከፋው ዝም ብሎ መጥፋት ነው። የማቋረጫው ቀን ሳያልፍ ኮርሱን በፎርም ከተወ ደብሊው፣ «አቋርጧል» የሚል ምልክት፣ ይያዝለታል። ደብሊው ጂፒኤውን (አማካይ ውጤቱን) አይነካም። ኤፍ ግን ይጎትተዋል። አብዛኛውን ሠርቶ መጨረሻ ላይ የታመመ ልጅ ደግሞ ፕሮፌሰሩን «ኢንኮምፕሊት»፣ የቀረውን በኋላ የሚጨርስበትን ዕድል፣ መጠየቅ ይችላል።

ሁሉንም ኮርስ ከመተው በፊት ግን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ይሂድ። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ትቶ ከወጣ የፌዴራሉ ገንዘብ ከፊሉ ይመለሳል፤ ኮሌጁም ቢሉን ለልጁ ይልካል። በአብዛኛው ኮሌጅ እርዳታው እንዲቀጥል 2.0 ጂፒኤና ከተመዘገበው ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ያስፈልጋል። ደብሊውም ከተመዘገበው ይቆጠራል። ከዚያ በታች ወርዶ እርዳታው ቢቆም እንኳ ይግባኝ አለ። ደብዳቤው ሦስት ነገር ይያዝ፦ ምን እንደተፈጠረ፣ የሐኪም ወይም የሥራ ማስረጃ፣ አሁን ምን እንደተለወጠ። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። ኮሚቴው ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እሱን ነው።

መጨረሻው ላይ

40 ክሬዲት ሲሞላ አድቫይዘሩ ጋር ይሂድና የዲግሪ ኦዲት፣ ማለትም የወሰደውንና የቀረውን ኮርስ ዝርዝር፣ ያሳየው። የጎደለው በግልጽ ይታያል። ትራንስፈር ሊያደርግ ከሆነ የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር ከመመዝገቡ በፊት ይይ። ይህን የሚያሳየውን ድረ ገጽ አድቫይዘሩን ይጠይቅ። ለምረቃ በብዙ ኮሌጅ ማመልከቻ መሙላት ያስፈልጋል። ክሬዲቱን ጨርሰው ፎርሙን ስላልሞሉ ዲግሪ የሌላቸው ወንዶች አውቃለሁ። ሳይጨርስ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረም ቢሆን፣ እዚያ የወሰዳቸውን ክሬዲቶች ወደ ኮሚኒቲ ኮሌጁ መልሶ በመላክ አሶሴቱን የሚያገኝበት አሠራር በብዙ ቦታ አለ።

ከዓመታት በፊት ትቶ የወጣ ልጅ ካላችሁም ክሬዲቱ ውሃ አልበላውም። ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። ብዙ ጊዜ የሚያግደው የድሮ ዕዳ ነው፤ አንዳንዴም ፓርኪንግ ቲኬት ወይም ያልተመለሰ መጽሐፍ። ሬጅስትራር ቢሮ አብራችሁት ሂዱና «ምን ሆልድ (የምዝገባ እገዳ) አለበት? በየወሩ እየከፈለ መመዝገብ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ ይውሰድ። ማታ ቢሆን፣ ከሥራው የማይጋጭ ቢሆን ጥሩ ነው።